ጠጠር ለቃሚ ነበርኩ

(የካቲት 26 ቀን 2018 ዓ.ም. የካራማራ ድል ሲታሰብ ደሴ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። አንድ ተማሪ በስልኩ ቀድቶት ነበር። እሱ እንደገለበጠው ነው ያቀረብኩት። የደጋገምኩትንም ከመንገድ የወጣሁበትንም አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ። ልጄ፣ ማይኩን ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ። ድሮ ረጅም ነበርኩ። አሁን ዕድሜ አሳጥሮኛል።

እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች፣ ደግሞ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ተማሪዎች። ዘንድሮ ሁለቱም ጾም ገጥሟል። ግማሻችን ረመዳን ላይ ነን፤ ግማሻችን ዐቢይ ጾም ላይ። እንግዲህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የጠገበ ሰው የለም ማለት ነው። የራበው ሰው ደግሞ ረጅም ንግግር አይወድም። አዘጋጆቹም “ጋሼ፣ አደራ፣ ከአዛን በፊት ይጨርሱልን” ብለውኛል። አብሽሩ፣ እጨርሳለሁ።

ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ የአየር ኃይል ሰው በጦርነት ጊዜ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ። ሁለተኛ፣ ከአገር ቤት ርቆ መኖር ምን እንደሚመስል። ሦስተኛውን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላስተካክል። ያስተዋወቀኝ ወጣት “የአየር ኃይላችን ጀግና” ብሎኛል። ይባርክህ ልጄ። ግን እኔ አብራሪ አልነበርኩም። ጄት ነክቻለሁ፣ ጠርጌያለሁ፣ ጠግኜያለሁ፤ አብርሬ ግን አላውቅም። የምድር ሰው ነኝ። መካኒክ።

ጄት ሲነሳ እናንተ የምታዩት አንድ ሰው ነው። መስታወቱ ስር ያለውን። ከኋላው ስንት ሰው አለ? ነዳጅ የሞላ አለ። ጥይት ያጎረሰ አለ። ሬዲዮውን የፈተሸ አለ። ኦክስጅኑን የሞላ አለ። ፓራሹቱን ያጠፈ አለ። የእሳት አደጋ መኪናውን አስነስቶ የሚጠብቅ አለ። ሌሊት ተነስቶ ሻይ ያፈላ አለ። ሻይ ያፈላውን አትርሱብኝ! እኔ ከነዚህ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ የማወራው ስለነዚህ ሰዎች ነው።

አሁን አንድ ጊዜ ወደ እናቴ ልመለስ። ያለ እናቴ ይህ ወሬ አይገባችሁም።

እናቴ ደሴ ተወልዳ ደሴ ያደገች ናት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ልጅ ነበረች። ዓርብ ቀን ነው። ጃንሆይ ለጦርነቱ ደሴ መጥተው ከተቀመጡ ገና ጥቂት ቀናቸው ነው። ጠዋት የጣሊያን አውሮፕላኖች መጡ። የሚያቃጥል ቦምብ ጣሉ። የደሴ ቤት ያኔ አብዛኛው ሣር ክዳን ነው፤ ነደደ። ቀይ መስቀል የተሳለበት የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል እንኳን አልተረፈም። ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ላይ ሆነው የሚታዩበትን ፎቶግራፍ አይታችሁ ይሆናል። እሱ የደሴ ነው። እዚሁ ነው።

እናቴ ስትነግረኝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ነበር የምትለው። “መጀመሪያ ቆጠርኳቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ። ጣቴ ሲያልቅብኝ ነው የሮጥኩት።” ትላለች። ልጅ ናታ! ደግሞም እስከዚያ ቀን አውሮፕላን የሚቆጠር ነገር እንጂ የሚሸሽ ነገር መሆኑን ማን ነገራት?

ከዚያ ወዲያ እናቴ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ቀና አትልም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ቤት ትገባለች። እኔ ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የምታርፍ ዳኮታ የምትባል የአየር መንገድ አውሮፕላን ነበረች። ሰው ጭና፣ ዕቃ ጭና፣ ማንንም ሳትነካ የምትሄድ። እሷንም ቢሆን እናቴ ቤት ገብታ ነበር የምታሳልፋት።

እኔ ደግሞ አንድ ቀን ከአጎቴ ጋር ኮምቦልቻ ወርጄ ያችን ዳኮታ በቅርብ አየኋት። አየኋት ብቻ ሳይሆን አሸተትኳት። ላምባ የሚመስል ሽታ አላት፤ ከላምባ ግን ጠንከር ያለ። ያን ሽታ ወደድኩት። ምን ላድርግ? ሰው የሚወደውን አይመርጥም።

ቀጥሎ 1965 እና 66 መጣ። ወሎ ላይ ምን እንደወረደ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። ከገጠር ተነስቶ መንገድ ዳር የቀረውን ሰው እያየን ነው ትምህርት ቤት የምንሄደው። ቤታችን ውስጥም የሚበላው እየሳሳ ነበር። አየር ኃይል ተማሪ እንደሚቀበል ስሰማ አላመነታሁም። ዳቦ አለ፣ ልብስ አለ፣ ሙያ አለ። ሽታውም አለ።

ለእናቴ ግን ምን ልበላት? “እማ፣ አውሮፕላን ልነካ ነው” ልበላት? “ግምጃ ቤት ነው የምሠራው፤ ዕቃ ቆጣሪ ነኝ” አልኳት። ዋሸሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እግዜርም ይቅር ይበለኝ። ሁለቱንም የምጠራው ወሎዬ ስለሆንኩ ነው።

ስለ ደብረ ዘይት ሥልጠና ብዙ አላወራም። ሐይቁ ያምራል፣ ሥልጠናው ያደክማል። አለቀ።

ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ። እኔ 21 ዓመቴ ነው። ወደ ድሬዳዋ ላኩን። ነሐሴ ላይ ጠላት ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ነበር። መስከረም ላይ ጅጅጋ ተያዘች። ባቡሩም ተቋርጧል። ከዚያ ወዲያ ድሬ ላይ ያለን ሰዎች ሁላችንም ሰማይ ሰማይ እናያለን።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ ገባሁ። ቀኑ እንዴት ይውላል?

ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳለን። ገና ጨለማ ነው፣ አየሩም ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። መጀመሪያ የምንሠራው ሥራ ምን ይመስላችኋል? ሞተር መፈተሽ? ጥይት መጫን? አይደለም። ጠጠር መልቀም ነው!

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። የኤፍ 5 ጄት ሁለት ሞተር አላት። ሞተሮቹ ትንንሽ ናቸው፣ ግን አየር ሲስቡ አይጣል ነው። ማኮብኮቢያው ላይ ያገኙትን ሁሉ ይስባሉ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጠጠር ከገባች ውስጥ ያሉትን ምላሶች ትሸራርፋቸዋለች። ያ ሞተር ሰማይ ላይ ቢቆምስ? ስለዚህ በየጠዋቱ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ከማኮብኮቢያው ጫፍ እስከ ጫፍ እንሄዳለን። ጠጠር፣ ብሎን፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የጥይት ቀለሃ፣ ምኑ ቅጡ። ሁሉንም እየለቀምን በኪሳችን። ሲነጋ ሱሪያችን በጠጠር ክብደት ወርዶ ወገባችን ላይ አይቆምም።

ያን ጊዜ ደግሞ ሞተር መቀየር ቀልድ አይደለም። አውሮፕላኑ የአሜሪካ ነው፤ አሜሪካ ደግሞ እርዳታዋን አቁማለች። መለዋወጫ የለም። ካንዱ ነቅለን ለሌላው እንገጥማለን። ልክ እናንተ አሁን ከሞተ ስልክ ስክሪን እንደምትነቅሉት። እንግዲህ አንዲት ጠጠር ስንት እንደምታወጣ አስቡት።

ጠጠሩ ካለቀ በኋላ ነው የቀረው ሥራ። ነዳጅ መሙላት። አፍንጫዋ ላይ ላሉት ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች ጥይት ማጉረስ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ዘይት። አብራሪው ሲመጣ መሰላል እናቆምለታለን። ይወጣል። ቀበቶውን እናስርለታለን፣ ትከሻውን መታ እናደርገዋለን፣ ወርደን መሰላሉን እንወስዳለን። ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ምን እንሠራለን? ምንም። እንጠብቃለን።

ወጣቶች፣ ጦርነት ሲባል ተኩስ ብቻ አይምሰላችሁ። የእኔ ጦርነት መጠበቅ ነበር። መጠበቅ፣ መጠበቅ፣ መጠበቅ። አራት ወጡ። አሁን ስንት ይገባል? ድምፁ ከዓይን ቀድሞ ይመጣል። አንዳችን “መጡ” ይላል። ሁሉም ብድግ ይላል። አንድ… ሁለት… ሦስት… ከዚያ ዝም። አራተኛው እስኪታይ ያለችውን ደቂቃ በምን ልንገራችሁ? አንዳንዱ ወደ ኋላ ስለቀረ ነው የሚዘገየው። ብቅ ሲል ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ይጀምራል፣ ማንም ማንንም አይሰማም። እንደ ገበያ።

በመጠበቂያው ሰዓት ዳማ እንጫወት ነበር። በቆርኪ። አለቃችን አንድ ቀን መጥቶ ቆርኪውን ሁሉ ሰበሰበብን። “ጠጠር እያስለቀምኳችሁ እናንተ ቆርኪ ትዘራላችሁ?” ብሎ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ በባቄላና በሽምብራ ሆነ። ሲርበን ደግሞ መጫወቻውን እንበላዋለን፤ አሸናፊው ሳይታወቅ ጨዋታው ያልቃል።

ሙቀቱስ? የደሴ ልጅ እኮ ነኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የጦሳ ተራራ ደግሞ ብርዱን ይልክባታል። ድሬ 1,200 ገደማ ናት። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የክንፉን ቆርቆሮ በባዶ እጅ መንካት ምጣድ መንካት ነው። መፍቻዎቻችንን ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነበር የምናስቀምጣቸው። ስለዚህ ከባዱን ሥራ ለማታ እናስተርፈዋለን። ማታ ደግሞ መብራት አይቻልም። የእጅ ባትሪውን አፉን በጨርቅ ሸፍነን፣ አንዱ ሲያበራ አንዱ ሲፈታ እናነጋለን። የእኔ እጅ ላይ ያሉት ጠባሳዎች የጠላት አይደሉም። የቆርቆሮ ናቸው።

ሁለተኛው ነጥብ። ከአገር ቤት መራቅ።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ሰው ልንገራችሁ። ከእኔ በብዙ ርቆ የሄደ ሰው ነው። ጆን ሮቢንሰን ይባላል። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ የሺካጎ አብራሪ። እዚያ አገር ጥቁር ሰው አውሮፕላን ትምህርት ቤት ለመግባት በሩን ታግሎ ነው የሚያስከፍተው። እሱ ታግሎ ተማረ። በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከጣሊያን ጋር ስንዋጋ የአየር ኃይላችን አዛዥ እሱ ነበር። አውሮፕላኖቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ለመዋጋት የሚሆኑም አልነበሩም። በእነዚያ ነው ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር መልእክት ሲያመላልስ የነበረው። ከሥር የእኛ ተራራ፣ ከላይ የጣሊያን አውሮፕላን። ለሺካጎ ወዳጁ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ መጣ፣ ልጆች አስተማረ፣ በ1946 አውሮፕላን ተከስክሶበት እዚሁ ሞተ። መቃብሩ አዲስ አበባ ነው፣ ጉለሌ።

እኔ ይህን ሰው የማስበው ሲበር አይደለም። ማታ ማታ ነው የማስበው። እንጀራውን እንዴት ለመደው? ብርዱን እንዴት ቻለው? “ደህና እደሩ” የሚለው ሰው ነበረው? አንድ ስዊድናዊም ነበር፣ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፤ ያኔ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ይዞ ቁስለኛ ያመላልስ የነበረ። ከድሉ በኋላ ተመልሶ ደብረ ዘይት ላይ አየር ኃይሉን እንደገና ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆነ። እነዚህ ሁሉ አገራቸውን ትተው የመጡ ናቸው። እኔ እኮ አገሬ ውስጥ ነበርኩ! ያም ሆኖ ናፍቆት አገር አይለይም።

ድሬዎች ግን አይረሱም። “አቦ፣ ና ብላ!” ነው ወሬያቸው ሁሉ። የእኛን “አብሽር” ከእነሱ “አቦ” ጋር ስትደምሩት ጭንቀት የሚባል ነገር መግቢያ ያጣል። እረፍት ሲሰጡን ከፊራ ገበያ እንሄዳለን። ብርቱካን እንገዛለን፣ ሙሸበክ እንበላለን። ሙሸበክ ታውቃላችሁ? ጣት ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ነው። ካምፕ ውስጥ የለመድነው ኮቾሮ ነው፣ ያ ድንጋይ የመሰለ ደረቅ የወታደር ዳቦ። ኮቾሮ የበላ ወታደር እዚህ ካለ ጥርሱን ይመሰክር።

ኋላ ላይ ኩባዎች መጡ። ከአንዱ ጋር ተወዳጀን። ቋንቋ የለንም፣ በእጅ ነው የምናወራው። አንድ ቀን ቡና አፈላሁለት። እሱ ስኳሩን በማንኪያ ሞልቶ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጨመረ። እኔ ደግሞ እንደ አገራችን ጨው ቆንጠር አደረግኩ። እሱ የኔን ቀምሶ ተፋው። እኔ የሱን ቀምሼ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ስኳር በበዛበት ቡና እሱን አስታውሰዋለሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልግባ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤዬን የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ነበር። ያኔ አምስተኛ ክፍል ቢሆን ነው። መልሱንም እሱ ነው የሚጽፈው። “ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ” ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ትእዛዝ ነው። “ቁልቢ ቅርብህ ነው አሉ፤ ሄደህ ሻማ አብራልኝ።” ሐሙስ ሐሙስ ቡና አፍልታ ዱዓ ታደርጋለች፣ ለገብርኤልም ትሳላለች፤ ሁሉንም በር ነው የምታንኳኳው። ቁልቢ ግን ማን ፈቃድ ሰጥቶኝ ልሂድ?

እኔ ደብዳቤ የምጽፈው በመጠበቂያው ሰዓት ነው። የነዳጅ በርሜል ላይ ቁጭ ብዬ። አንድ ቀን ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። ስለ ጄት እንዳልጽፍ ግምጃ ቤት ነኝ ብያለሁ። ጨርሼ ደግሞ መዋሸት ደከመኝ። “እማ፣ ሥራ አይከብደኝም፤ ጠዋት ጠዋት ጠጠር ስለቅም ነው የማረፍደው” ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነዋ!

መልሱ ከስንት ሳምንት በኋላ መጣ። ምን ይላል? “ልጄ፣ ለስንት ሰው ነው ምስር የምትለቅመው? ዓይንህን አደራ። ጀርባህን ለፀሐይ ሰጥተህ ሰፌዱን ወደ ብርሃን አዙረው። ጠጠሩና ምስሩ አንድ ዓይነት መልክ አለው፣ በመልኩ አትለየው፣ በጥላው ለየው።”

እናቴ ወጥ ቤት ያስገቡኝ መስሏት! ድምፄን ከፍ አድርጌ ለጓደኞቼ አነበብኩት። ምነው ባላነበብኩት! ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ “ምስር” ሆነ። መካኒኩም ምስር ይለኛል፣ ዘቡም ምስር ይለኛል። አብራሪዎቹ ሳይቀሩ ጠዋት ሲመጡ “ምስር፣ ተለቅሟል?” ይላሉ። “ተለቅሟል ጌታዬ” እላለሁ። ደግሞ እናቴ ያለችውን ሞከርኩት። ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ጠጠር ረጅም ጥላ ይጥላል። በመልኩ ያላየሁትን በጥላው አየሁት። ለአለቃዬ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ጨለማ ላይ አንዴ፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግመን መልቀም ጀመርን። እናቴ ደሴ ተቀምጣ የድሬዳዋን ማኮብኮቢያ አስለቀመች ማለት ነው። ይህን እስከ ሞተችበት ቀን በደንብ አልነገርኳትም።

አንድ አብራሪ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ቤተሰቡ አለ። ሲበዛ ቀልደኛ ነው። አንድ ቀን መሰላሉን ወጥቶ፣ ቀበቶውን አስሬለት ልወርድ ስል “ምስር፣ ስመለስ እበላለሁ፤ ወጡን እንዳታሳርረው” አለኝ። ስቄ ወረድኩ። መሰላሉን ወሰድኩ።

አራት ወጡ። ሦስት ገቡ።

ጠበቅን። ነዳጁ የሚያልቅበትን ሰዓት ሁላችንም እናውቀዋለን። ማንም አይናገረውም እንጂ እናውቀዋለን። ያ ሰዓት አለፈ። እኔ መሰላሉን ይዤ ቆሜያለሁ። ሌሎቹ መሰላሎች አውሮፕላናቸው ላይ ተደግፈዋል። የኔ የሚደገፍበት የለውም። አለቃዬ መጥቶ “አስቀምጠው” አለኝ። የት ላስቀምጠው? መሬት ላይ ላጋድመው? ሃንጋር ልመልሰው? እስኪመሽ ይዤው ቆምኩ።

የተማረከ ይመለሳል ብለን ተስፋ እናደርግ ነበር። ለገሰ ተፈራን ታውቃላችሁ። ያ ስንት የሶማሊያ ሚግ ጄት የጣለ አብራሪ፣ 11 ዓመት ያህል ሶማሊያ ታስሮ በ1980 ተመለሰ። ምርኮኞቹ ሲመለሱ እኔ አገር ለቅቄ አልሄድኩም፣ ስም ስጠይቅ ነበር። የኔ ሰው ከተመለሱት ውስጥ አልነበረም።

ይቅርታ። ውሃ አልጠጣም፣ ጾመኛ ፊት ነኝ።

የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች። ካራማራ። የዛሬ 48 ዓመት። ሌላው ሲጨፍር እኔ ተኛሁ። እውነቴን ነው፣ ተኛሁ! ስንት ወር ያልተኛሁትን።

መጋቢት መጨረሻ ላይ 15 ቀን ፈቃድ ሰጡኝ። አዲስ አበባ ደረስኩ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ጣርማ በርን ወርደን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን አልፈን ኮምቦልቻ ስንገባ መሽቷል። የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ስንያያዘው ያ ብርድ በመስኮት ገባ። አንድ ሰውዬ “መስኮቱን ዝጋው እንጂ ወታደር!” አለኝ። አልዘጋሁትም።

እናቴ ስታየኝ አላለቀሰችም። ዞር አድርጋ አየችኝ፣ ክሳቴን በእጇ ለካች፣ ቡና አስቀረበች። በነጋታው ዐቢይ ጾም ነው፣ ምስር ሊሠራ ነው። ሰፌዱን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። “በል፣ ሙያህን አሳየን” አለች። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። ያ ደብዳቤ አንባቢ ልጅም አለ፣ ተለቅ ብሏል።

ለቀምኩ። ፀሐይዋን ከኋላዬ አደረግኩ፣ ጥላውን አየሁ፣ የምችለውን ሁሉ አደረግኩ። እኔ የለመድኩት የጥፍር ያህል ጠጠር ነው፤ ይህ እኮ ከምስሩ ያንሳል! ለምሳ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጎረቤት ቀጨም አደረገ። ሁለተኛውም ቀጨም። ሰዉ በሳቅ ሞተ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ሰዉ ሲበተን ጠብቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

“አንተ ምስር ለቅመህ አታውቅም” አለች።

ዝም አልኩ።

“ዛሬ ያወቅኩት እንዳይመስልህ። ልጁ ያነብልኛል፣ እኔ ደግሞ ካነበበልኝ በኋላ ወረቀቱን አሸተዋለሁ። ያንተን ጠረን ባገኝ ብዬ። ወረቀትህ ሁሉ ላምባ ላምባ ይላል። ግን ላምባ አይደለም። ላምባ አውቃለሁ።”

አሁንም ዝም አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከጦርነት መጥቻለሁ፣ እናቴ ፊት ግን የሰረቀ ልጅ ሆንኩ። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ኅዳር 26ን ታነሳብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላነሳችውም።

“ስንት ስንት ሆነው ነው የሚወጡት?” አለችኝ።

“አራት አራት” አልኳት።

“ስትቆጥራቸው አራት ይገባሉ?”

መልስ አልሰጠኋትም። ሰፌዱን ከጭኔ ላይ አነሳችው። የተረፈውን ምስር አፍስሳ እንደገና ከመጀመሪያው መልቀም ጀመረች።

ሦስተኛው ነጥብ… እንግዲህ ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ፣ ወይም መሃል ላይ ተናግሬዋለሁ። ይኸው፣ እየሰማችሁ ነው? አዛን ነው። ቃሌን ጠበቅኩ። ቴምሩን ከኋላ ጀምራችሁ አዙሩት። ሳምቡሳው የምስር ነው ብለውኛል፣ ሁላችንም እንበላለን። የለቀመው ሰው ማን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁልኝ።